ለእሑድ አጥቢያ

አድዋ ላይ የተዋጋነው መቼ ነው? የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.። ይኼን ማንም ይመልሰዋል። በፈረንጆቹስ? ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የውጭ ሰዎች የጻፏቸውን የታሪክ መጻሕፍት ብትገልጡ ማርች 1 ቀን 1896 ይላሉ። እኛ ደግሞ በዓሉን በየዓመቱ የምናከብረው ማርች 2 ቀን ነው። አንድ ወዳጄ ይኼን ያየ ዕለት «ድላችንን እንኳ በቀኑ መጻፍ ከበዳቸው!» ብሎ ተቆጣ። አብሮን የነበረው ሌላው ደግሞ «ኧረ እኛ ነን የተሳሳትነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ በማግስቱ ስናከብር ኖረናል» አለ። ሁለቱም ልክ አልነበሩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኛ አቆጣጠር በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን ስድስት ያደርጋል፤ አንድም ጊዜ አይዘልም። የጎርጎርዮስ አቆጣጠርም በየአራት ዓመቱ ፌብሩዋሪን 29 ያደርጋል፤ ነገር ግን መቶ ዓመት ሲሞላ፣ ዓመቱ ለ400 የሚካፈል ካልሆነ በቀር፣ ይዘላል። ስለዚህ በ1900 ፌብሩዋሪ 29 የሚባል ቀን አልነበረም። ያቺ የተዘለለች አንዲት ቀን ሁለቱን አቆጣጠሮች ይበልጥ አራራቀቻቸው። ከዚያ በፊት በነበረው መቶ ዓመት የካቲት 23 ማርች 1 ላይ ይውል ነበር። ከዚያ ወዲህ ማርች 2 ላይ ይውላል። ከ2100 ጀምሮ ደግሞ፣ ዕድሜ የሰጠው ያየዋል፣ ማርች 3 ላይ ይውላል።

ያላመነኝ በዕለቱ ያረጋግጥ። ጦርነቱ የተካሄደው እሑድ፣ በጊዮርጊስ ዕለት ነው። ሊቃውንቱ በባሕረ ሐሳብ እንደሚያስተምሩት 5500ን ከ1888 ጋር ስንደምር 7388 ይሆናል። ይኼን ለአራት ስናካፍል 1847 ይደርሳል። ሁለቱ ሲደመሩ 9235፤ በሰባት ሲገደፍ 2 ይተርፋል። አንድ ማክሰኞ ነው፣ ሁለት ረቡዕ። መስከረም 1 ቀን 1888 ረቡዕ ዋለ ማለት ነው። ከዚያ እስከ የካቲት 23 ድረስ 172 ቀን አለ፤ ሃያ አራት ሳምንት ከአራት ቀን። ከረቡዕ አራት ቀን ወደፊት ቁጠሩ፤ እሑድ። «የካቲት 23 ማለት ማርች 2 ነው» የሚለውን የዛሬ ደንብ ይዞ ወደ 1896 የሄደ ሰው ግን ሰኞ ላይ ይወድቃል። ሰኞ ዕለት ደግሞ ውጊያው አልቋል።

እንዲህ ያለውን ቁጥር ስለምወድ በሰፈሬ «ቀን የሚያወጣ» የሚል ስም ወጥቶልኛል። (አውደ ነገሥት የምገልጥ የሚመስላቸውም አልጠፉም፤ እነሱን በትሕትና እመልሳቸዋለሁ።) አብዛኛው ሰው ግን ወደ እኔ የሚመጣው ስለ አድዋ ሊጠይቅ አይደለም። ስለ ራሱ ነው። «የተወለድኩት መቼ ነው?» ይላል። ለአድዋ መዝገብ አለው፣ ምስክሩ ብዙ ነው፣ ሊቁ ብዙ ነው። ለአንድ ገበሬ ልጅ ልደት ግን ምስክሯ ብዙውን ጊዜ አንዲት እናት ናት፤ እሷም አልፋለች።

ያገራችን ሰው ልደትን የሚይዝበት መንገድ የራሱ ነው። ቅጽ የሚያስሞላው ጸሐፊ ዓመቱን ያስቀድማል፤ ወርና ቀኑ ቢጠፋው ዓመቱን ይዞ ይረካል። የእኛ እናት ግን የምትጨብጠው በዓሉንና ዕለቱን ነው። «ለጥቅምት ገብርኤል ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ገበያ የተፈታ ለት» ትላለች፤ ንቅንቅ የለም። ዓመቱን ስትጠየቅ ወደ አገሩ ታሪክ ትዞራለች። የኅዳር በሽታ የገባ ዓመት (1911)፣ ጣሊያን አዲስ አበባ የገባ ዓመት (1928)፣ ንጉሡ የተመለሱበት (1933)፣ አብዮቱ የፈነዳበት (1966)፣ የሰባ ሰባቱ ድርቅ። ዓመቱን መንግሥትና መቅሠፍት ይይዙታል፤ ቀኑን እሷ ትይዘዋለች።

መንግሥት በበኩሉ ሳይጽፍ ብዙ ቆይቷል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ በዝርዝር ደንግጎ ነበር፤ ዝርዝሩ ግን በሥራ ላይ ሳይውል ዘመናት አለፉ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ የወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ደግሞ በ2008 ክረምት። ከዚያ በፊት የተወለደው የገጠር ሰው ሁሉ ልደቱን የሚያውቀው በአደራ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ጎረቤቴ መጡ። ሰፈሩ በሙሉ «እማማ» ነው የሚላቸው፤ እኔም እንደዚያው ልበላቸው። አሜሪካ ያለች ልጃቸው ልትወስዳቸው ወረቀት ጀምራለች። «አንተ ልጅ፣ የተወለድኩባትን ቀን አውጣልኝ» አሉኝ። መታወቂያቸውን አየሁት። መስከረም 1 ቀን 1930 ዓ.ም. ይላል።

«ታዲያ ይኸው አይደለም እንዴ፣ እማማ?»

ሳቁብኝ። በ1968 ዓ.ም. መታወቂያ ሲሰጣቸው የቀበሌው ጸሐፊ ዕድሜያቸውን ይጠይቃቸዋል። «አላውቀውም» ይላሉ። ቀና ብሎ አያቸውና «ስንት ልጅ ወልደሻል?» ይላቸዋል። «አምስት።» «አምስት የወለደች ሴት ከሠላሳ ስምንት አታንስም» ብሎ ጻፈ። ወርና ቀኑን የአዲስ ዓመት ዕለት አደረገላቸው። አለቀ።

«እኔ መስከረም አልተወለድኩም» አሉ እማማ። «እናቴ ‹ንጉሡ በገቡ በዓመቱ፣ የኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ እሑድ ቀን ወለድኩሽ› ትለኝ ነበር። እናቴ አትዋሽም።»

እንግዲህ ስሌት የሚጀምረው ከዚህ ነው። የኅዳር ሚካኤል ማግስት ኅዳር 13 ናት። ንጉሡ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ነው። «በገቡ በዓመቱ» ማለት ምን ማለት ነው? ዘመን በተለወጠ በመጀመሪያው ኅዳር ከሆነ 1934፤ ዓመት ሞልቶ ካለፈ በኋላ ያለው ኅዳር ከሆነ 1935። ሁለቱንም አሰላኋቸው። ኅዳር 13 በ1934 ቅዳሜ ዋለ፤ በ1935 እሑድ። እናትየው «እሑድ» ካሉ 1935 ነው። ቀላል ነበር። ወረቀቴን ላጥፍ ስል ታላቅ እህታቸው ከመንዝ ለሕክምና መጥተው እዚያው ቤት ተኝተው ኖሮ ከአልጋቸው ሆነው ጣልቃ ገቡ።

«እሑድ አይደለም፤ ለእሑድ አጥቢያ ነው!»

ይቺን ቃል ንቃችሁ እንዳታልፏት። ለእሑድ አጥቢያ ማለት የቅዳሜው ሌሊት፣ ወደ እሑድ ንጋት ያለው ነው። በ1935 ከሆነ ሚካኤል ቅዳሜ ውሎ ሌሊቱ ለእሑድ፣ ለ13 ያጠባል። በ1934 ከሆነ ደግሞ ሚካኤል ዓርብ ነው፣ ማግስቱ ቅዳሜ ነው፣ የዚያ የማግስቱ ሌሊት ለእሑድ ያጠባል። ሁለቱም ይሆናል! አንዲት «አጥቢያ» የምትባል ቃል ሒሳቤን ሁለት ቦታ ቆረጠችው። ሌሊት ለትናንት ነው ወይስ ለነገ? ቤተ ክርስቲያን ከምሽት ትጀምራለች፣ ገበሬው ከንጋት፣ ፈረንጁ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት። ምጥ የያዛት ሴት ደግሞ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አትጠይቅም።

እኔም «ሌላ የሚያስታውሱት ነገር አለ?» ብዬ እህትየውን ጠየቅኋቸው። ያን ጊዜ የስምንት ዓመት ልጅ ነበሩ። ብዙ አያስታውሱም። የእናታቸውን ጩኸት፣ ጎረቤት ሲገባና ሲወጣ። «ክርስትናዋን ግን አስታውሳለሁ» አሉ። «ሙክት ታረደ። የጎድን ጥብስ ሰጥተውኝ አብዝቼ በልቼ ሦስት ቀን ታመምኩ።»

ከዚህ የበለጠ መረጃ አልፈለግሁም። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው። ከኅዳር 13 እስከ 30 ድረስ አሥራ ስምንት ቀን፣ ታኅሣሥ ሠላሳ፣ ጥር ሠላሳ፤ ሰባ ስምንት። ሰማንያኛው ቀን የካቲት 2 ነው። አሁን የጾሙን መግቢያ እንይ። በ1934 መጥቅዑ 16 ነበር፤ ጾመ ነነዌ ጥር 18 ገባ፣ ዐቢይ ጾም ደግሞ የካቲት 2 ቀን ሰኞ። ልክ በክርስትናው ቀን! በመንዝ፣ በዚያ ዘመን፣ በዐቢይ ጾም የመጀመሪያ ሰኞ ሙክት የሚያርድ ክርስቲያን አባት ማን ነው? ክርስትናው ጥቂት ቢዘገይም ወደ ጾሙ ሆድ ነው የሚገባው። በ1935 ግን መጥቅዑ 5 ነው፤ ነነዌ የካቲት 8፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 22። የካቲት 2 ማክሰኞ ዋለ። ሥጋ ይበላል።

እማማ የተወለዱት ኅዳር 13 ቀን 1935 ዓ.ም.፣ ከሌሊቱ ወደ ንጋት፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 22 ቀን 1942 ነው።

ይኼን ስነግራቸው «እሑድ ነው አላልኩህም?» አሉኝ። ደስ ያላቸው ከመታወቂያው በአምስት ዓመት ወጣት ስለሆኑ አይደለም። የእናታቸው ቃል ስለጸና ነው። ቀኑን ያወጣው ማን ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ እኔ አይደለሁም፤ ድሜጥሮስም አይደለም። ሥጋ አብዝታ በልታ የታመመች አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ናት። ስሌቱ ያለ እሷ መስቀልኛ መንገድ ላይ ቆሞ ይቀር ነበር። ቁጥር የሰጡትን ብቻ ነው የሚመልሰው፤ ከሰጡት በላይ የሚመልስ የሚመስለን አሃዙ ስለሚያምርብን ነው።

ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ልጃቸው ወረቀቱን ያስገባችው በመታወቂያው ቀን ነበር። ስልክ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ምን አደረግህኝ? እማዬ ‹የምሞላው የእናቴን ቀን ነው› ብላ ሙጭጭ አለች። ወረቀቱ ሁሉ መስከረም አንድ ነው የሚለው፤ አሁን ቢለወጥ አጭበርባሪ ነው የሚሉን።» እውነቷን ነው። ወረቀት የሚያምነው ወረቀትን ነው። አንድ ጸሐፊ ፊት አይቶ የጻፈው ግምት ማኅተም ስላረፈበት እውነት ሆኗል፤ በበዓል፣ በዕለት፣ በጾምና በሰማንያ ቀን የተፈተነው ቀን ደግሞ ማኅተም ስለሌለው ውሸት ይመስላል።

እኔ ብዙ ያሰብኩበት ጥያቄ ይኼ ነው። እማማ ከሃምሳ ዓመት አካባቢ መስከረም 1 ቀን 1930 የሚል መታወቂያ ይዘው ሲዞሩ ውሸታም ነበሩ? አልነበሩም። ቀኑን የሰጣቸው ሌላ ሰው ነው፤ የተሻለ አያውቁም ነበር። እናታቸው የነገሯቸውን ያውቃሉ፣ ግን እሱን ወደ ዓመተ ምሕረት የሚያመጣ ሰው አልነበራቸውም። አሁን ግን ያውቃሉ። ትናንት ያለ ኃጢአት ይፈርሙበት የነበረው ቁጥር ዛሬ በእጃቸው ላይ ከበደ። ስሌቴ ቀን ብቻ አይደለም ያወጣላቸው፤ ዕዳም አውጥቶላቸዋል። «ታዲያ ባታሰላላት ይሻል ነበር» ያሉኝ ሰዎች አሉ። አልስማማም። ሰው የእናቱን ቃል ትርጉም የማወቅ መብት አለው፤ ኤምባሲ ደጃፍ ላይ ስለሚያስቸግር ብለን ልንደብቀው አንችልም። ግን ቀን ማውጣት እንደ መስቀለኛ ቃላት ጨዋታ ጊዜ ማሳለፊያ አለመሆኑን ያየሁት በዚህ ነው።

እማማ ያደረጉትን ልንገራችሁ። ወረቀቱን አልለወጡትም፤ ልጃቸውን ማስጨነቅ አልፈለጉም። ቃለ መጠይቁ ላይ የልደት ቀናቸውን ሲጠየቁ ግን በአስተርጓሚ «ወረቀቱ መስከረም አንድ ይላል፤ ጸሐፊ ነው የጻፈው። እናቴ የኅዳር ሚካኤል ማግስት ትላለች» ብለው መለሱ። ጠያቂዋ ፈገግ ብላ የወረቀቱን ጻፈች። እኔ ግን ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም። ቀኑን ከነምስክሩ ተናገሩ። ይኼን ያለው ይኼ ነው፣ ያንን ያለችው ያቺ ናት፤ እናንተ የፈለጋችሁትን ጻፉ። ደህና የታሪክ ጸሐፊ ከዚህ የተለየ ምን ይሠራል?

ሁሉም ሰው እንደ እማማ አይደለም። ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት የቀረው አንድ የማውቀው ሰው መጥቶ «አስላልኝ» አለኝ። ምን ታስታውሳለህ ስለው የአንበጣ ዓመት፣ የጥምቀት ሰሞን፣ ዓርብ ቀን አለኝ። አሰላሁ፤ ውጤቱን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። በሳምንቱ ተመልሶ «ዓርብ ሳይሆን ሐሙስ መሰለኝ» አለ። አሁንም አልጣመውም። ሦስተኛ ሲመጣ አንበጣው ራሱ በሌላ ዓመት መጥቶ ጠበቀኝ። ስሌት ከምስክር ወደ ቀን ሲሄድ ስሌት ነው፤ ከተፈለገው ቀን ተነሥቶ ምስክር ፍለጋ ሲሄድ ግን ልመና ነው፤ ምናልባትም ከልመና የባሰ። መልሱን ካየ በኋላ የሚለወጥ ትዝታ ምስክርነቱ አብቅቷል።

ሆኖም በዚህ ሰው ላይ ድንጋይ ለማንሣት አልቸኩልም። ኋላ እንዳጫወተኝ፣ ሥራ ሲቀጠር አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ አሥራ ስምንት ካልሞላህ አትቀጠርም ስለተባለ ሁለት ዓመት ጨምሮ አስመዘገበ። እነዚያ ሁለት ዓመቶች የእውነት ናቸው፤ ያኔ ለእንጀራ ሸጣቸው፣ አሁን ለእንጀራ ሊገዛቸው መጣ። መሥሪያ ቤቱ ደግሞ መጀመሪያ ያስመዘገብከውን ነው የማውቀው አለው። እውነት የሚናገረውም በውሸት መንገድ ነበር። ቀጥታ መጥቶ «ያኔ ዋሽቼ ነበር» ቢል ኖሮ አንበጣና ጥምቀት ባላስፈለገው።

የአንዳንዱ ሰው ዕጣ ግን ከጡረታም ይከፋል። በ2007 ዓ.ም. መጨረሻ ሜዲትራኒያንን ተሻግሮ አውሮፓ የገባ አንድ የዘመድ ልጅ አለኝ። መጋቢት 1990 ተወለድኩ አለ፤ እውነቱን ነው፣ በእኛ። ጸሐፊው 1990 ብሎ ጻፈ፤ በእነሱ። በአንድ ብዕር ጭረት የአሥራ ሰባት ዓመቱ ልጅ የሃያ አምስት ዓመት ሰው ሆነ። ልጅ ሆኖ ትምህርት ቤት ከሚገባበት በር ወጥቶ ጎልማሶች ከሚታጎሩበት አዳራሽ ገባ። ነገሩ ገብቶት «1998 ነው» ሲል ደግሞ «ቀንህን ለወጥህ» ተባለ። አስተርጓሚው የሌላ ቋንቋ ሰው ነበርና ሁለት አቆጣጠር መኖሩን ማስረዳት አልቻለም። አንድ እውነት በሁለት አቆጣጠር ሁለት ጊዜ ስለተናገረ ውሸታም ሆነ።

ከዚያ የእጁን አንጓ ራጅ አነሡት። የአጥንት ዕድሜ ይባላል። ይኼ ምርመራ ብዙ ጊዜ የሚያመሳክረው ግሮይሊችና ፓይል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1950 (በፈረንጆቹ) ካሳተሙት የሥዕል መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ የተሠራው በአብዛኛው በ1930ዎቹ በኦሃዮ ክሊቭላንድ ከተማ ይኖሩ ከነበሩ፣ ኑሯቸው ከደላ የነጭ ቤተሰብ ልጆች ራጅ ነው። ዓላማውም የልጅን ዕድገት ለሚከታተል ሐኪም እንዲያግዝ እንጂ ስደተኛን ለመፈረጅ አልነበረም። አጥንት ደግሞ ቀን አይጽፍም፤ የአንድና የሁለት ዓመት ስፋት አለው። ክፉው ነገር ሐኪሙ «ከዚህ እስከዚህ ይሆናል» ብሎ የጻፈው ሲተላለፍ ሲተላለፍ «እስከ» ይወድቅና አንድ ቁጥር ብቻ ይቀራል። በእኛም አገር ፍርድ ቤት፣ ልጅቷ አሥራ ስምንት ሞልቷታል አልሞላትም በሚል ክርክር፣ እንዲሁ ያለ ራጅ ሲቀርብ ሰምቻለሁ። የአንዲት ልጅ ጋብቻና የአንድ ሰው እስራት «እስከ» በምትለዋ ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል።

ወደ አሜሪካ በስደተኝነት ከገቡት ወገኖቻችን ጃንዋሪ 1 የሚወለደው ቁጥሩ ብዙ ነው። ወደ እስራኤል ከሄዱት ቤተ እስራኤላውያን ሽማግሎችም ዕድሜያቸው በመዝጋቢ ግምት የተጻፈላቸው ጥቂት አይደሉም። ጃንዋሪ አንድና መስከረም አንድ ወንድማማች ናቸው። ሁለቱም «አላውቅም» ማለት ናቸው፤ ግን «አላውቅም» ብለው አያውቁም።

ስለ አለማወቅ ካነሣን፣ ዓመቶቻችን ራሳቸው በምን ላይ ነው የቆሙት? 1990ን ከ1998 የለየው የስምንት ዓመት ልዩነት የመጣው ከየት ነው? ሩቅ ዘመን የነበረን አንድ ልደት ለማስላት ከተደረገ ሙከራ ነው። የእስክንድርያው አንያኖስ በአምስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ የጌታን ሰው መሆን ከፍጥረተ ዓለም ቆጥሮ 5500 ዓመት አለፈ አለ፤ የእኛ ቁጥር ከዚያ መስመር ነው። በሮም የነበረው መነኩሴ ዲዮናስዮስ ኤክሲጉስ ደግሞ በ525 ላይ ሌላ ቁጥር አወጣ፤ ፈረንጆቹ እሱን ያዙ። በማቴዎስ ወንጌል ጌታ ሲወለድ ሄሮድስ በሕይወት ነበር፤ ብዙ የታሪክ ሰዎች ደግሞ ሄሮድስ የሞተው ዲዮናስዮስ ካወጣው ዓመት አራት ዓመት ያህል ቀድሞ ነው ይላሉ። የዘመናዊው ዓለም ባንክና አውሮፕላን ሁሉ የሚሄደው በዚህ ስሌት ነው። የዘመድ ልጄን «ቀንህ አይታመንም» ያለው ጸሐፊ በቅጹ ራስጌ ላይ የጻፈው ዓመት ራሱ የአንድ መነኩሴ ግምት ነው።

ዲዮናስዮስን ግን በአንድ ነገር እወደዋለሁ። እስከ እሱ ድረስ የፋሲካ ሰንጠረዥ ይቆጠር የነበረው ከዲዮቅልጥያኖስ ንግሥ ጀምሮ ነበር። የአሳዳጁን መታሰቢያ በየዓመቱ ማንሣት አልፈልግም ብሎ ተወው። ግብፃውያኑ በሌላ በኩል ያንኑ ቁጥር ሳይነኩ ስሙን ብቻ ለውጠው ዓመተ ሰማዕታት አሉት፤ ከገዳዩ ወስደው ለተገደሉት ሰጡት። ስሌቱ ያው ነው፤ ባለቤቱ ተለወጠ። እማማም ያደረጉት ከዚህ ብዙ የራቀ አይመስለኝም። ቀናቸውን ከጸሐፊው ወስደው ለእናታቸው ሰጡ።

ለፓስፖርት ዓለም አቀፍ መመዘኛ የሚያወጣው የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ይኼ ችግር እንዳለ ያውቃል። የልደት ቀን ወይም ወር የማይታወቅ እንደሆነ በቦታው ሁለት የኤክስ ምልክት እንዲደረግ በደንቡ ፈቅዷል። ማሽኑ እንኳ «ይኼኛውን አላውቅም» ማለት ይችላል። ይኼን ካነበብኩ በኋላ፣ ቀኗን የማታውቅ አንዲት አክስቴን ላስመዘግብ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት በሄድኩ ጊዜ፣ ዓመቱንና ወሩን ብቻ ጻፍና ቀኑን ባዶ ተወው አልኩት መዝጋቢውን። ጨዋ ልጅ ነው፤ የኮምፒውተሩን ፊት ወደ እኔ አዞረልኝ። ሣጥኑ ቀይ ሆኗል።

«ጋሼ፣ እኔ ምን ገዶኝ፤ ቀን ካልገባበት አያልፍም እኮ።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

ከኋላዬ ወረፋ የያዙ አንድ አዛውንት በከዘራቸው ወለሉን መታ መታ አደረጉና «መስከረም አንድ በልላት እንጂ፣ ልጄ» አሉት። «በዓል ነው፤ አትረሳውም። እኔም እሱን ነው የሰጡኝ።»